ተራ ቁጥር 4

አባዬ ከቤተሰብ ቅጹ ላይ አልሰርዝህም ካለኝ ሰነበተ። ቅጹ የቀበሌ ነው። ከላይ የቤት ቁጥር፣ ከሥሩ የቤተሰቡ ኃላፊ ስም፣ ከዚያ እኛ በተራ ቁጥር ተደርድረናል። እማዬ 2 ናት፣ ታላቅ እህቴ 3፣ እኔ 4። እህቴ አግብታ ድሬዳዋ ስትወርድ በቀጭን መስመር ተሰርዛለች። እኔ ግን ደመወዝተኛ ሆኜ፣ ከሐረር የጁገል ግንብ ውጭ ቤት ተከራይቼ፣ ጢሜ ላይ አንድ ሁለት ሽበት ብቅ ብሎ እንኳ አለሁበት። ይባስ ብሎ «የሥራ ሁኔታ» በሚለው ዓምድ ዛሬም «ተማሪ» ነኝ። የማስተምራቸው ልጆች ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ አላህም እግዜርም ይወቁት።

ለሌላ አገር አንባቢ አንድ ነገር ላስቀድም። የሐረር ልጅ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ነው የሚለው። ንቀት አይደለም፣ ልማዳችን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አባዬን አንተ ስለው ስድ አደግ አትበሉኝ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ በሚወስደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ደጅ ላይ የእግር መኪናውን ዘርግቶ ነው ያረጀው። የመንገዱ ስም የመጣው ከእሱና ከመሰሎቹ ነው። መኪናው የልብስ መኪና ነው፣ ግርግሩም የፔዳል። ከአባዬ ጋር ክርክር የሚገጥም ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ክርክሩ ሲከብደው መልስ አይሰጥም፣ ፔዳሉን ይረግጣል። መርፌዋ መንጫጫት ትጀምራለች፣ የተከራካሪው ድምፅ ይዋጣል። እግሩን ሲያነሣ ተከራካሪው የት ላይ እንደነበር ጠፍቶታል፣ አባዬ ደግሞ የአንድ ሱሪ ጎን ዘግቷል።

ከቅጹ መውጣት የፈለግሁት ለክፋት አይደለም። ከአባድር ወረዳ ወደ ሐኪም ወረዳ ቤት ቀየርኩ። ባጃጁ ውስጥ የተከፈተው ዘፈን ሳያልቅ የሚደረስበት መንገድ ነው። በወረቀት ሲሄዱት ግን ሌላ ነው። በአዲሱ ሰፈር መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ ያስፈልጋል። መሸኛ ለማግኘት ከቤተሰብ ቅጹ መውጣት ያስፈልጋል። ከቅጹ ለመውጣት ደግሞ የቤተሰቡ ኃላፊ መጥቶ መፈረም አለበት።

«አባዬ፣ ና ፈርምልኝ።»

«ሚስትህ የታለች?»

«ሚስት እዚህ ውስጥ ምን ዶላት?»

«ሰው ከአባቱ ቅጽ የሚወጣው ወደ ራሱ ቅጽ ነው። አንተ ባዶ ቅጽ ላይ ብቻህን ቁጥር 1 ሆነህ ልትቀመጥ ነው? የማን ኃላፊ ልትሆን? የወንበሩ?»

ፔዳል።

ይህን የአባዬ ግትርነት ብቻ ነው እንዳልል የጓደኛዬ ቤት አለ። ጓደኛዬ ሐረሪ ነው፤ ቤተሰቦቹ የሚኖሩት ጁገል ውስጥ፣ ጌ ጋር በሚሉት በጥንቱ የሐረሪ ቤት ነው። እንግዳ ሆኖ ለገባ ሰው የግድግዳው ስፌትና ሳህን ነው ዓይን የሚስበው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የማየው ነደባውን ነው። ነደባ ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራ መደብ ነው፤ ማንም እንደፈለገ አይወጣበትም። አሚር ነደባ የቤቱ ባለቤት መቀመጫ ነው። ጊዲር የሚሉት ትልቁ አለ፣ ጢት የሚሉት ትንሹ አለ፣ ሱትሪ የሚሉት ገለል ያለው አለ። እዚያ ቤት ማን በማን ሥር እንደሆነ ለማወቅ ቅጽ አያስፈልግም፤ ማን የት እንደተቀመጠ ማየት ይበቃል። ጓደኛዬ ቢሮ ሲውል ሰው ያዛል፣ ይፈርማል፣ ስልክ ያስጠብቃል። ማታ አባቱ ቤት ሲገባ ጫማውን አውልቆ ጢት ነደባ ላይ ቁጭ ይላል። «አፎቻ ልግባ» ቢላቸው፣ ማለትም ሐረሪዎች በሠርግና በለቅሶ የሚረዳዱበት ማኅበር፣ «መጀመሪያ አግባ» አሉት። እስኪያገባ የአባቱ አፎቻ ይበቃዋል።

የእኛም ዕድር ያው ነው። አባሉ አባዬ ነው፣ እኛ ከስሙ ሥር ተዘርዝረናል። ከዝርዝሩ እንድወጣ ስጠይቀው ያመጣው ክርክር እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

«እሺ፣ ወጣህ እንበል። አንተ ብትሞት ማን ድንኳን ይተክላል?»

«የራሴ ዕድር እገባለኋ።»

«ተከራይ ነህ። አከራይህ ሲያስወጣህ ሬሳህን ይዘህ የት ትሄዳለህ?»

«ክፉ አታውሩ!» አለች እማዬ ከውስጥ፣ እህል እየለቀመች። እሷ ቁጥር 2 ስለሆነች ጭቅጭቁን የምትሰማው ከሁለታችንም ወገን ሆና ነው።

ስለ ስኳሩና ስለ ዘይቱ ብዙ አልልም። የሸማቾች ሱቅ ዕቃ ሲመጣለት በቤተሰብ ቁጥር ማደሉን የማያውቅ የለም፤ እኔ ከወጣሁ የቤቱ ድርሻ ይቀንሳል። ይህን አባዬ አንድ ቀን በአፉ ተናግሮት አያውቅም፤ እማዬ ናት የነገረችኝ። የጤና መድኑ ግን ያስቀኛል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮው በአባወራ ነው፤ ዕድሜው 18 ያለፈ ልጅ በቤተሰቡ ሥር ሲቆይ ተጨማሪ ይከፈልበታል። እንግዲህ አባዬ እኔን ጥገኛ አድርጎ ለማቆየት በየዓመቱ ተጨማሪ ይከፍላል፤ ተጨማሪውን የሚቀበለው ደግሞ ከእኔ ነው። ደረሰኙ በእሱ ስም ይመጣል። እሱም አጣጥፎ ከቅጹ ጋር ፌስታል ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ቅጹን ለምን የሙጥኝ እንዳለው የገባኝ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ነው። ሐምሌ የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች ወር ነበር። ደረጃ ሐ ማለት ያኔ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ፣ የሂሳብ መዝገብ የማይያዝበት፣ ግብሩ በቁርጥ የሚከፈል ትንሽ ነጋዴ ነበር። የአባዬ ዓይነት። በዚያ ዓመት ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ የቀን ገቢ ገምተው ነበር፤ ውጤቱ ሲነገር አገሩ ተንጫጫ። አምቦና ወሊሶ ሱቅ እስከመዝጋት ደረሱ። መኪና ግርግር ውስጥ ፔዳሉ አላቆመም፣ ሰፊዎቹ ግን በየደጁ አንገታቸውን አስግገው ስንት እንደተገመተባቸው ሲጠያየቁ ይውሉ ነበር። የአንዱ ቁጥር ዝቅ ካለ ሌሎቹ ተቆጡ፤ የአንዱ ከፍ ካለ «ሥራ በዝቶልህ ነዋ» ብለው አሾፉ።

አባዬ ቁጥሩን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። በማግሥቱ ቅሬታ ለማቅረብ ተነሣ። ማስረጃ ብሎ የያዘው የክር መግዣ ደረሰኝ አይደለም፣ የቤት ኪራይ ውል አይደለም፤ የቤተሰብ ቅጹን ነው። እኔ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ነበር። ራሱ የሰፋልኝን ሸሚዝ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ አጀብኩት።

የግብር መኮንኑ ፊት ቅጹን ዘረጋና በጣቱ እየጠቆመ አነበበ። «ይኼ ሁሉ ሰው በእኔ መኪና ነው የሚበላው። ይቺ ሚስቴ። ይቺ ልጄ» (ያኔ እህቴ አልተሰረዘችም)። ጣቱ እኔ ጋ ደረሰ። «ይኼ ልጄ ነው። ተማሪ።»

ጎኑ ቆሜያለሁ። መኮንኑ ቀና ብሎ አየኝ፤ እጅጌዬ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። «ተማሪው ይኼ ነው?»

«ነው።»

«አቦ፣ የልጄ አስተማሪ አይደለህ እንዴ?»

ሰውየው አልሳቀብንም፤ እንዲያውም በትሕትና ነው ያስረዳው። የቤተሰብ ብዛት በግብሩ ላይ ለውጥ የለውም። ሕጉ የሚጠይቀው የሥራውን ዓይነትና ገቢውን ነው፤ ስንት መኪና አለህ፣ በቀን ስንት ልብስ ይወጣልሃል።

«ሁለት መኪና አለኝ» አለ አባዬ። «አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ቦታ ይይዛል።» ሁለተኛው እኔ የሆንኩ ይመስል ወደ እኔ ዞረ።

ከቢሮው እስከ ሸዋ በር ድረስ ተጨቃጨቅን። አዋረድከኝ አልኩት፤ የሰው ልጅ የማስተምረውን ሰውዬ ተማሪ ብለህ ለግብር ቅናሽ አቀረብከኝ። ቆም አለ። «ያበላሁትን መቁጠር ነውር ነው? ስንት ሰው እንደሚበላ ሳይጠይቅ ግብር የሚጥል ሰው ምን ጠየቀና?» ለዚህ ፔዳል አላስፈለገውም፤ መልስ አጥቼ ዝም አልኩ።

እውነት እንነጋገር ካልን በዚህ ጉዳይ አባዬ ትክክል ነው። የእኛ የገቢ ግብር ሰውን የሚያውቀው ለብቻው ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ከደመወዝ ላይ በወር 600 ብር ብቻ ነበር ከግብር ነፃ፤ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሎ 2,000 ብር ሆነ። ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ይህ ላጤውም፣ የአምስት ልጆች አባቱም፣ ከደመወዙ ላይ ለእናቱ መድኃኒት የሚገዛውም እኩል የሚደርሰው ነው። ከእኔ ጋር መምህራን ክፍል የሚቀመጥ ባልደረባዬ በአንድ ደመወዝ ሰባት ሰው ያሳድራል፤ የተቆረጠበት ግብር ከእኔ ጋር እስከ ሳንቲሙ አንድ ነው። መንግሥት ደመወዜን ሲቆርጥ ዘመድ አልባ ነኝ፤ ስኳር ሲያድለኝ ግን የአባዬ ልጅ ነኝ።

አሜሪካኖች በሥርህ ስንት ሰው እንዳለ ይጠይቃሉ። ጠይቀው ግን ሌላ ጠብ ጨምረዋል። አክስቴ፣ የአባዬ ታናሽ እህት፣ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። እዚያ አገር ታክስ ሲሞላ በሥሬ የሚተዳደሩ ብሎ ልጅንም ዘመድንም መጻፍ ይቻላል፤ ዲፔንደንት ይሏቸዋል። ለጻፈው ሰው ቅናሽ አለው። ልጅ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነ 24 ዓመት እስኪሞላው በወላጁ ሥር መጻፍ ይችላል፣ የመኖሪያ ወጪውን ከግማሽ በላይ ራሱ ካልቻለ በቀር። የአክስቴ ልጅ ኮሌጅ ተማሪ ነበረች፣ ቡና ቤት ትሠራለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታለች። አክስቴ እንደ ልማዷ ጻፈቻት። ከዚያ ኮሮና መጣ። በመጋቢት 2012 የአሜሪካ መንግሥት ለአዋቂ 1,200 ዶላር፣ ከ17 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ለወላጁ 500 ዶላር ይሰጥ ብሎ ወሰነ። በሰው ሥር ለተጻፈ የ19 ዓመት ልጅ ግን ለራሱም አይሰጠውም፣ ለወላጁም አይሰጠውም። በብዙ ቤት በወላጅና በኮሌጅ ልጅ መካከል ጠብ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ቤት ጠብ ውቅያኖስ ተሻግሮ በዋትስአፕ አባዬ ዘንድ ቀረበ፤ እሱ ታላቅ ነዋ።

አባዬ መኪናውን አቁሞ፣ ስልኩን ክር መያዣው ቆርቆሮ ላይ አስደግፎ አዳመጠ። አክስቴ አለቀሰች። ልጅቷ በተሰባበረ አማርኛ «አጎቴ፣ እኔ ራሴን ነው የምችለው» አለች። አባዬ ጉሮሮውን ጠርጎ ፈረደ፦ «ልጅ በአባት በእናቷ ሥር ካልተጻፈች በማን ሥር ልትጻፍ ነው? በጎዳናው?»

እኔ ከጎኑ ነበርኩና በጆሮው የገንዘቡን መጠን ነገርኩት። በብር መንዝሬ።

«ሰርዣት!» አለ አባዬ።

«እንዴ፣ አባዬ!» አልኩት። «እኔስ?»

«አንተ 1,200 ዶላር አለህ?»

ፍርዱ አልጸናም። ሕጉ የሚያየው ማን እንደጻፋት ሳይሆን ማን እንደሚያኖራት ነው፤ ከግማሽ በላይ በራሷ መቆሟ መታየት ነበረበት። እናትና ልጅ ደረሰኝ አውጥተው ግማሽ ፍለጋ ገቡ። ኪራይ፣ መጽሐፍ፣ የስልክ፣ አክስቴ በየእሑዱ የምትልከው የፍሪጅ ወጥ። ወጡ በስንት ይታሰብ ላይ ሲደርሱ ተጣልተው ስልክ ዘጉ። ያ ወጥ ዋጋ አልወጣለትም።

ከዚያ በኋላ ራሷ አክስቴ ሌላ ነገር ይዛ መጣች። ለአባዬ የዓይን ቀዶ ሕክምና የላከችው ገንዘብ ቀላል አልነበረም፤ ታክስ የሚሠራላትን ሐበሻ «ወንድሜን ልጻፈው?» ብላ ጠየቀችው። ወንድምም ሊጻፍ ይችላል። ግን የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ከሆነ ነዋሪነቱ አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ መሆን አለበት አላት።

አባዬ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። «ሜክሲኮ? የአጎትህ ልጅ ቤት ሜክሲኮ አይደል እንዴ? ከአደባባዩ ትንሽ ገባ ብሎ። ከፈለገች ክረምቱን እዚያ እቀመጥላታለሁ።»

አዲስ አበባ ያለው ሜክሲኮ አደባባይ መሆኑን፣ ሕጉ የሚለው አገሩን መሆኑን ባስረዳው ቅር አለው። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነች፤ አደባባዩም ስሟን ያገኘው በዚያ ውለታ ነው። ሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ የሚጠራ የባቡር ጣቢያ አላት። «እንደዚህ የምንዋደድ ከሆነ አንዱ ሜክሲኮ ስለ ሌላው ቢመሰክር ምን አለበት?» አለ። ለአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት የማስረዳበት መንገድ ጠፋኝ።

እኔ ግን ያቺ ግማሽ የምትባል ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። እኛ ቤት ግማሽ ማን ጋ ነው? መብራቱን እኔ እከፍላለሁ። መድኑን እኔ እከፍላለሁ፣ የእሱንም የእማዬንም። መነጽሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። በአንጻሩ ሱሪዬን ሁሉ የሚሰፋው እሱ ነው፤ በርበሬና ሽሮዬ ከእማዬ ነው፤ ምሳ ዕቃዬ ባዶ ሄዶ ሞልቶ ይመለሳል። ደመወዝ ሲዘገይ ከክር መግዣው ያበድረኛል። ክር ሲወደድ እኔ አበድረዋለሁ። የቤተሰብ ሕጋችንም ቢሆን ቀለብ የመስጠትን ግዴታ በአንድ ወገን ላይ አልጣለም፤ ወላጅ ለልጅ፣ ልጅም ለወላጅ ይላል። ማን አጣ፣ ማን አለው ነው የሚያየው። በቅጹ ላይ ግን ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለም፤ አንድ ኃላፊ አለ፣ ሌላው ከሥሩ ነው።

አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና ነገርኩት። «አባዬ፣ በአሜሪካኖቹ ሚዛን ብንሄድ እኮ አሁን አንተ ነህ በእኔ ሥር የምትጻፈው።»

ፔዳሉን ይረግጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልረገጠም፤ እንዲያውም እግሩን አነሣ። ያ ከባድ ነው።

«እኔ? ያንተ ጥገኛ?»

«ለምሳሌ ነው።»

«ለምሳሌ። እና ለምሳሌ፣ ከላይ የሚፈርመው ማን ነው?»

«እኔ።»

«እናትህም ያንተ ቁጥር 2? ለምሳሌ?»

ዝም አልኩ።

«አሁን ገባኝ» አለ አባዬ። «አንተ መውጣት አይደለም የፈለግኸው። ወንበሬን ነው።»

እግሩን መለሰ። መርፌዋ ጀመረች። ያ ሱሪ፣ የእኔ ሱሪ፣ ከወትሮው ጠበብ ብሎ ነው የተሰፋው።

የመታወቂያውን ነገር ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ አቃለለልኝ፤ ያ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ነው፣ ማንም በማንም ሥር አይገባም። አባዬም ሄዶ ተመዘገበ። ጣቱን አሻራ ላይ አድርጎ ከጨረሰ በኋላ «የቤተሰብ ኃላፊ የሚለውስ?» ብሎ ጠየቀ። የለም አሉት። «ታዲያ ይኼ ማንን ያስተዳድራል?» ብሎ ወጣ። የቀበሌው ቅጽ እስኪያረጅ ድረስ በዚያው ፌስታል ውስጥ እንደሚኖር አውቃለሁ። ስታገባ እፈርማለሁ ብሏል፤ እማዬ ደግሞ ይህን ቃል ከሰማች ወዲህ ልጅ ማሳየት ጀምራለች።

ለምክር ቤት አባላት ግን አንድ ልመና አለኝ። ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ስታነሡ ደግ አድርጋችኋል፤ ሁላችንም ደርሶናል። በሚቀጥለው ስታሻሽሉት ለደመወዝተኛውም ለትንሹ ነጋዴም «በዚህ ገቢ ስንት ሰው ያድራል?» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩ፤ ስኳር ስትሠፍሩ የምትቆጥሩንን ሰዎች ግብር ስትሰበስቡም ቁጠሩን። ባልደረባዬ ሰባት ብሎ ይሙላ። እኔ አባዬንና እማዬን ጽፌ ሁለት እላለሁ፤ እናንተም ለአባዬ እንዳትነግሩብኝ።